ከወንበሩ እስከ አልጋው

እናቴን ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱን በሙሉ በሰው ላላክክ ስለማልፈልግ ነው።

ዕድሜዋ 47 ነው። ከ30 እስከ 49 ያሉ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ማድረግ እንዳለባቸው ካወቅኩ ጀምሮ ስወተውታት ከረምኩ። «ሳያመኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ምን ልበል?» ትለኛለች። አንድ ቀን ግን «እሺ በቃ፣ አንቺን ዝም ለማሰኘት» አለችና ነጠላዋን አንስታ ተከተለችኝ። መንገድ ላይ «ያማል እንዴ?» ስትለኝ ምንም ሳላቅማማ «ኧረ ምንም አያምም» አልኳት። እኔ ራሴ ተመርምሬ አላውቅም።

ምርመራው ቀላል ነው። ሐኪሟ ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ የማህፀኑን በር ገልጣ ታያለች፣ ሰላጣ ላይ ከምናደርገው አቼቶ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አሲድ በጥጥ ትቀባለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ሴል ካለ ቦታው ነጭ ይሆናል። ነጩ ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል። የማህፀን በር ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ ተነስቶ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ጊዜ የሚሰጥ በሽታ ነው። ሆኖም በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር እሱ ነው።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አልጋው። ወንበሩ ላይ ሳለች ሲስተሯ በጥሩ ትህትና ነበር ያነጋገረቻት። «ስንት ልጅ ወልደዋል? የወር አበባዎ መቼ ነው የመጣው?» ከዚያ «ከወገብ በታች አውልቀው አልጋው ላይ ይውጡ» አለቻት። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቀረሁ።

ከወንበሩ እስከ አልጋው ቢበዛ ሦስት እርምጃ ነው። በሦስት እርምጃ ውስጥ «እርስዎ» ጠፋ።

«ዝቅ በይ። ትንሽ ዝቅ። እግርሽን ክፈቺ እንጂ! ሰውነትሽን አትወጥሪ፣ ራስሽን ነው የምታሳምሚው።»

እኔም እናቴን «አንቺ» ነው የምላት። የኔ «አንቺ» ግን ጡት ስጠባ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነው። ያኛው «አንቺ» ልብሷን ስታወልቅ አብሮ የወለቀ ክብር ነበር።

በመሀል በሩ ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሱ ሦስት ተማሪዎች ገቡ፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። በአጠገቤ አልፈው ወደ መጋረጃው ሄዱ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። የብረት ድምፅ ሰማሁ። የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። እኔም ብድግ ብዬ «ቆይ፣ እነሱ እነማን ናቸው?» አላልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞም ለጥቅሟ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ነጭ ነገር ታየ። «ካንሰር አይደለም፣ በጊዜ ስለተገኘ በቀላሉ ይታከማል» ተባለ። የማከሚያው መሣሪያ ለጊዜው ስለማይሠራ በሚቀጥለው ሳምንት እንድንመለስ ተነገረን። እናቴ አመስግና ወጣች። ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ «አልመለስም።»

አራት ወር አለፈ።

በእነዚህ አራት ወራት አንድ ጥያቄ አልለቀኝም። የሚደረግልህ ነገር በእርግጥ የሚጠቅምህ ከሆነ፣ ሳትጠየቅ ቢደረግ ምን ይጎድላል? ምርመራው ትክክል ነበር። ውጤቱም ትክክል ነበር። ተማሪዎቹም መማር አለባቸው፤ ነገ የኔን ልጅ የሚያዋልዱት እነሱ ናቸው። ሲስተሯም ጨካኝ አልነበረችም። ከጠዋት ጀምሮ ስትሠራ ውላ ኮሪደሩ ላይ ገና ሃያ ሴት እየጠበቃት ነበር። ታዲያ የት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው?

ሳነብ የደረስኩበት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም ነበር። እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ የስፔኩለም ዓይነት አለ። ፊስቱላን በቀዶ ጥገና ለመጠገን የሞከረው በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ ነው። የሦስቱን ስም እናውቃለን፦ አናርካ፣ ቤትሲ እና ሉሲ። አናርካ ያለ ማደንዘዣ 30 ጊዜ ያህል ተቀደደች። ለሲምስ የሚከራከሩ ሰዎች «ሴቶቹ መዳን ይፈልጉ ነበር፣ እሺ ብለው ነው» ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ከፊስቱላ መዳን የማይፈልግ ማን አለ? ግን እምቢ ቢሉስ ኖሮ? «እምቢ» ማለት በማይችል ሰው አፍ ውስጥ «እሺ» ምን ዋጋ አለው? ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ቆሞ የነበረው የሲምስ ሐውልት በ2018 ተነስቷል።

ያ በሽታ ለኛ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በ1974 የተከፈተው የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ስንት ሴት ቀና ብላ እንድትሄድ እንዳደረገ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማሚቱ ጋሼ ለሐኪሞቹ በታካሚነት የመጣች የገጠር ሴት ነበረች፤ ቆይታ ራሷ ቀዶ ጥገና ተምራ እንደሷ የተጎዱ ሴቶችን አከመች። እውቀቱ ያው ነው፣ ቁስሉ ያው ነው። ልዩነቱ አልጋው ላይ የተኛችው ሴት ሰው መሆኗ እንዴት እንደተያዘ ነው።

የእናቴን ነገር ከባርነት ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም። ግን እሷስ የት ጋ ነበር «እምቢ» ማለት የምትችለው? እግሮቿ ተከፍተው፣ ብረቱ ውስጧ እያለ፣ ሰው ሲገባ? ጨዋ ሴት ዝም ትላለች ተብላ ያደገች ሰው ናት። ስትወልድ እንኳ አለመጮኋን እንደ ጀግንነት ሲያወሩላት ሰምቻለሁ። እኛ ዝምታዋን «ቻይ ናት» ብለን እናመሰግናለን፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ደግሞ ዝምታዋን «ፈቅዳለች» ብለው ያነቡታል። ያው አንዱ ዝምታ ለሁላችንም ተመቸን።

«አያምም» የሚለውም ውሸት እንደዚያው ነው። ጓደኞቼ ሉፕ ሲያስገቡ «መቆንጠጥ ያህል ነው» ተብለው ወደ ቤት ግድግዳ ተደግፈው የገቡ አሉ። ምንም ያልመሰላቸውም አሉ፤ ሰው ይለያያል። በ2024 የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሐኪሞች ሉፕ ከማስገባታቸው በፊት ስለ ሕመሙና ስለ ማስታገሻው ከሴቶቹ ጋር እንዲነጋገሩ በመመሪያው ላይ አሰፈረ። አስቡት፣ ሕመም አለ ብሎ ለመናገር ይህን ያህል ዘመን!

ባለፈው እሁድ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተማሪዎቹ ናቸው ያስቀየሙሽ?»

ምስሩን እያየች ቆየች። «ልጆች አይደሉም እንዴ? ይማሩ። ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልጠየቁኝማ። ካልጠየቁኝ እሺ ያልኩት እኔ አይደለሁም።» ትንሽ ዝም ብላ ጨመረች፦ «አንቺም አያምም አልሽኝ።»

እንግዲህ አራት ወር የፈለግኩትን መልስ እናቴ ምስር እየለቀመች ነገረችኝ። ያው ሰው፣ ያው ክፍል፣ ያው ሦስት ተማሪ። ቢጠይቋት ለሰው ልጅ እውቀት ያዋጣች ሴት ሆና ትወጣ ነበር። ስላልጠየቋት የታየች ሥጋ ሆና ወጣች። መጠየቅ ከሕክምናው በፊት የሚደረግ ጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ራሱ ሕክምናው ነው፤ ያልተጠየቀች ሴት አትመለስም፣ ካልተመለሰች ደግሞ ያ ነጭ ቦታ እዚያው ይቀመጣል።

ይቅርታ ጠየቅኳት። እውነቱንም ነገርኳት፦ ሲታከም የወር አበባ ቁርጠት የሚመስል ሕመም ሊሰማት እንደሚችል፣ ደቂቃዎች ብቻ እንደሚወስድ፣ ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ሊኖር እንደሚችል። ሁሉንም ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰው ነው የሚገባው?»

አላውቅም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ብቻዬን ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ያቺው ሲስተር ነበረች፤ ምሳዋን ገና አልበላችም። ልቤ እየመታ፣ እናቴ ስትታከም ከሷ ሌላ ሰው እንዳይገባ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ይቻላል'ኮ» አለች፣ «የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ከዚያ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች ዝም አለች። የተናገረችውን ራሷም የሰማችው ይመስላል። ካርዱን አውጥታ ቀን ሞላችልኝና «ከመግባቴ በፊት እኔ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ፣ በያቸው» አለችኝ።

«እጠይቃቸዋለሁ» ነው ያለችው። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።