የአያቴ መውቀሪያ

ኮሌጅ ስገባ በሞላሁት ቅጽ ላይ፣ «የአባት ሥራ» በሚለው ፊት «ገበሬ» ብዬ ጻፍሁ። አባቴ ስለሚያርሱ ውሸት አልነበረም። የጫግኒ ሰው የሚያውቃቸው ግን በወፍጮ ወቃሪነታቸው ነው፤ ሙያውን ከአያቴ፣ አያቴም ከአባታቸው ተቀብለውታል። ያን የደበቅሁት አፍሬ ነው። በአገራችን ባለ እጅ ሥራው እየተፈለገ ራሱ ሲናቅ ኖሯልና።

ለማያውቀው ልንገር። የወፍጮ ድንጋይ በተፈጨበት ቁጥር ይለሰልሳል፤ እህሉም ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ ሳይደቅ ይወጣል። ያኔ ወቃሪው ፊቱን ነጥብ በነጥብ እየመታ ያሻክረዋል። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» የምንላቸውም በዚሁ ቃል ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት፣ ከጣራው ወደ ታች ተወቅሮ ወጣ። የዛጉዬ ነገሥታት አገው መሆናቸውን እኛ የአዊ ልጆች በኩራት እናወራለን። መላእክት በሌሊት አገዙ የሚለውንም ትውፊት ሰምተናል። የወቃሪዎቹን ስም ግን ማን ያውቃል? በእጃቸው ሥራ እየኮራን በሙያው ማፈራችን ይገርመኛል።

እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ሲጠራው የኡሪ ልጅ፣ የሑር የልጅ ልጅ መሆኑ አብሮ ተጽፏል (ዘጸ. 31)። መንፈሱን ከሞላበት ሥራ አንዱ ድንጋይ መቅረጽ ነው፤ ሌላውን የማስተማር ልብም ተሰጥቶታል (ዘጸ. 35)።

ታዲያ ልጅ የአባቱን ሙያ የመቀበል ግዴታ አለበት? የዘብዴዎስ ልጆች አባታቸውን ከሠራተኞቹ ጋር በታንኳ ትተው ጌታን ተከተሉ። ጌታ ራሱ ግን የጸራቢ ልጅ፣ ራሱም ጸራቢ ተብሏል። ስለዚህ «አባትህን አክብር» የሚለውን ይዤ በወጣት ላይ ሸክም አልጭንም። ነርስም ሾፌርም ሁኑ። እኔን የከሰሰኝ ሙያውን መተዌ አይደለም፤ እውነት ጽፌ አባቴን መካዴ ነው።

ባለፈው ክረምት ነገርኋቸው። ቆይተው፣ «ማረሴስ እውነት አይደል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ፣ «በል ልጄ፣ መውቀሪያውን አምጣ» አሉኝ። የሞተር ወፍጮም ድንጋዩ መወቀሩ ስላልቀረ ዛሬም ይጠሯቸዋል። እኔ ግን የጀመርሁት በእናቴ አሮጌ ወፍጮ ነው። ሁለት ቅዳሜ ወቀርሁት። እናቴ በቆሎ ፈጨችበት፤ የመጀመሪያውን ዱቄት አሸዋ አለው ብላ ደፋችው። ሁለተኛውን በጣቷ እየፈተሸች፣ «መሃሉ ገና ነው» አለችኝ።