የምጽዋት ምስጢርና የአደራ ገንዘብ

የተራራው ስብከት መጽዋች ስጦታውን ከሰው ዓይን እንዲሰውር ያዝዛል፤ ቁርአንም በሁለተኛው ምዕራፍ በገሃድ የሚሰጥ ምጽዋትን መልካም ብሎ ስውሩን ያስበልጣል። ከዚህ በመነሣት የበጎ አድራጎት ድርጅትን ሒሳብ መንግሥት መመርመሩ የልግስናን መንፈስ ይጋፋል የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ምስጢሩ የተፈቀደው ለመጽዋቹ እንጂ ለገንዘቡ ጠባቂ አይደለም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያደርስ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ መደረጉን በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ይገልጻል፤ ምክንያቱም በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ከነቀፋ መራቅ ነበር። የአደራ ገንዘብ፣ ማለትም ሰጪው ለሌላ ሰው ጥቅም ብሎ በሦስተኛ ወገን እጅ ያኖረው ሀብት፣ መርማሪ የሚያስፈልገው ሰጪው ከሩቅ ስለሆነና ተረጂው፣ ወላጅ አልባው ሕፃን ወይም ተፈናቃዩ፣ የደረሰውን እርዳታ ከተላከው ጋር የሚያመሳክርበት አቅም ስለሌለው ነው። መንግሥት የመቆጣጠር ሥልጣኑን የሚያገኘው በተረጂው ስም ስለሚጠይቅ ነው፤ የሥልጣኑም ወሰን እዚያው ላይ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ይህን ወሰን አልፏል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት እንዲሁም በግጭት አፈታት ላይ እንዳይሠራ በመከልከሉ፣ ጥያቄው ገንዘቡ የት ገባ ከሚለው ወጥቶ የትኛው በጎነት ይፈቀዳል ወደሚለው ተሻገረ። ለተራበ ሕፃን እህል ማቅረብ የተፈቀደለት ድርጅት ስለዚያው ሕፃን መብት መናገር ተከለከለ፤ ይህም ምጽዋትን ከፍትሕ የነጠለ፣ ለሕሊና የሚከብድ ፍርድ ነበር። የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ የገደበው ድንጋጌ በመርሑ ተገቢ ቢሆንም፣ ሥልጠናንና መጓጓዣን የመሳሰሉ ወጪዎች በአስተዳደር ስለተመደቡ ዋና ሥራቸው ማስተማር የነበረ ድርጅቶች ተጎድተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አንሥቶ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፣ ቁጥጥሩን ወደ ገንዘቡ መልሶታል፤ ይህም ትክክለኛ እርማት ነው።

የ2001ዱ አዋጅ ራሱ ዕድርንና ዕቁብን ከሥልጣኑ ውጭ ማድረጉ ሊጤን ይገባዋል። በዕድር አዋጪውና ተረጂው አንድ ሰው ስለሆነ፣ ዛሬ የሚያዋጣው ነገ ሐዘን ሲደርስበት የሚረዳ በመሆኑ፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን የሚያቀርበው ለባለ ጉዳዮቹ ለራሳቸው ነው።