ሌሊቱን ያነጋው መጽሐፍ

 

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ አነጋገሩን እየለወጠ ደጋግሞ ይመጣል። "ኡስታዝ፣ ልቦለድ ከያዝኩ ሌሊቱ ሲነጋ አላውቅም። ቁርኣን ስከፍት ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፌ ይመጣል። ልቤ ታሞ ነው? ኒፋቅ ይሆን?" ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ነገሩ ቀልድ አይደለም። አንዳንዱ በዚህ ጭንቀት ቁርኣኑን እስከ መተው ይደርሳል፤ ሌላው ደግሞ መጽሐፍ የተባለን ሁሉ ሐራም ብሎ ይጥላል። ስለዚህ ወደ ፍርዱ ከመሮጣችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ሰው ማንበብ ለምን ይጥመዋል?

ጣዕሙ ከፊደሉ እንዳልሆነ አገራችን ጥሩ ማስረጃ አላት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ጆሮውን ሰጠው። እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ስለ በዛብህ የሚያወሩት ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚያወሩ ነው። ታዲያ የጣማቸው ምን ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ የሰው ልብ ውስጥ መግባት ነው። እኛ ልባችንን ደብቀን የምንኖር ሰዎች ነን። ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ "እንዴት ሰነበትህ?" ሲሉት "አልሐምዱሊላህ" ወይም "እግዜር ይመስገን" ብሎ የሚያልፈው ሰው ቤቱ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? አሥር ዓመት ጎን ለጎን ሰግደን የአጠገባችንን ሰው ጭንቀት ሳናውቅ እንለያያለን። ደራሲው ግን በሩን ከፍቶ ያስገባናል። ሰብለ ወንጌል ለአባቷ ያልነገረችውን እኛ እናውቃለን። ብቸኝነት የከበደው ወጣት እዚያ ውስጥ የራሱን ነገር ሲያገኝ "ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም" ይላል። ይህን ደስታ አልንቀውም፤ ስንቱን ልጅ ከተስፋ መቁረጥ መልሶታል።

ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ልቦለድ ስናነብ እኛ ተመልካች ነን፤ እኛን የሚያይ የለም። መጽሐፉ ውስጥ ለተራበው እናለቅሳለን፤ መጽሐፉን አጥፈን ወደ መስጊድ ስንሄድ በር ላይ እጁን የዘረጋውን ሳናይ እናልፋለን። ያለቀስንለት ሰው አንድ ብር አይጠይቀንም፤ እንባችን ወጪ የለውም። ቁርኣን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚነበበው አንባቢው ራሱ ነው። የየቲም ገንዘብ፣ የጎደለ ሚዛን፣ ሐሜት ሲነሳ ጣቱ ወደ ማን እንደሚያመለክት እናውቃለን። አንዳንዴ ገጹን የሚያስዘጋን ነገሩ ስለገባን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሙናፊቅ ለማለት አልደፍርም። ይልቅ ምንም ሳይሰማው ጁዝኡን ጨርሶ ለሚነሳው ነው የምሰጋው።

ሌላው ምክንያት ደግሞ ከልብ ሕመም ጋር ምንም አያገናኘውም። ቋንቋ ነው። ልቦለዱን የምታነቡት እናታችሁ ባሳደገቻችሁ ቋንቋ ነው፤ የቁርኣኑን ግን ብዙዎቻችን ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አናውቅም። ትርጉሙን የማያውቀውን ታሪክ ይዞ ማን ሌሊት ያነጋል? የወሎ ዑለማዎች ይህን ቀድመው አይተውታል። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጻፉ፤ ዐጀም የምንለው ነው። በመንዙማም ዲኑን ለገበሬውና ለእናቶች አደረሱ። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ታትሟል፤ ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ይገባል። በዚህ በኩል ሰበብ አልቀረልንም።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላንሳ። ኪታብን "አነበብኩ" አንልም፤ "ቀራሁ" ነው የምንለው። ሸይኹ ፊት ተቀምጦ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሲሳሳት እየታረመ የሚቀራ ነው ደረሳ። "ማንበብ" የሚለውም ከግእዝ የመጣ ነው፤ "ነበበ" ተናገረ ማለት ነው። ጎንደር ላይ ዳዊት የሚደግመው የቄስ ተማሪና አዲስ ዓለም ሰፈር (ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ተለይተው ይኑሩ ካሉ ጀምሮ የእኛ ሰፈር ነው) ሉሕ ይዞ የሚያነበንበው ልጅ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሲያነቡ ለጎረቤት ይሰማሉ። ለብቻ፣ በዝምታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚነበበው ንባብ አዲስ ልማድ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ቁርኣኑንም በዚያ መንገድ ብቻ ሞክረን ካልጣመን ብንገረም የእኛ ነገር ነው።

ሉሕ የጀመረ ልጅ ደግሞ ለወራት የሚያየው ጭረት ብቻ ነው። አንድ ቀን ፊደል ከፊደል ይገጥምና ቃል ይሆናል። ያን ቀን የልጁን ፊት ማየት ነው! ልቦለዱ ዛሬ ያለ ድካም የሚጥማችሁ አንደኛ ክፍል ላይ "ሀ ሁ"ን ደክማችሁ ስለከፈላችሁለት ነው። ለቁርኣኑ ያን ያህል ከፍለናል ወይ?

ሌሊት በመጽሐፍ ማደር እንኳ በእናንተ አልተጀመረም። ከ1,100 ዓመት በላይ በፊት የኖረው የበስራው አል-ጃሒዝ የመጽሐፍ ነጋዴዎችን ሱቅ እየተከራየ ሲያነብ ያድር እንደነበር ኢብኑ ነዲም ጽፏል። ልቦለድ ሁሉ ሐራም ነው ከሚሉት ጋርም አልስማማም። ብልግናን የሚያስጌጥ መጽሐፍ አለ፤ እሱን ተዉት። ለቀረው የምጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሱብሒን የት አገኛችሁት?

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ትቀራላችሁ። ዛሬ ከነትርጉሙ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከተቻለ ከወንድም ወይም ከእህት ጋር ቅሩት። ሙሳ ዐለይሂ ሰላም ከዚያ ደግ ባሪያ ጋር የሄዱበት ታሪክ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። መርከቡ ተቀደደ፤ ልጁ ተገደለ፤ እንግዳ አናስተናግድም ባሉ ሰዎች አገር ግድግዳው ያለ ዋጋ ተሠራ። ሙሳ መታገሥ አልቻሉም። ምክንያቱ ከመነገሩ በፊት ጣታችሁን አንቀጹ ላይ አድርጋችሁ ቁሙና እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር ተነጋገሩ። ከዚያ ቀጥሉ።