ወድዶ ስለሚደክምና ተገዶ ስለሚደክም ሰው

ድካም ሁሉ አንድ ነውን? ወይስ ሰው ፈቅዶ የተሸከመው ድካምና ሌላው የጫነበት ድካም፥ ላባቸው አንድ ቢሆንም፥ በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው? ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በኢጣሊያ አገር በቶስካና ኮረብታዎች መካከል በቢስክሌት ሲጓዝ የሚውል ሰውም በጕልበቱ ሊመረምረው ይችላል።

እንግዲህ አንድ መንገደኛ፥ ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ፥ ኑሮው በጽሕፈት ቤት የሆነ ሰው፥ በመስከረም ወር ወይን በሚለቀምበት ጊዜ በማለዳ ከሲዬና ከተማ ተነሣ እንበል። የሚሄደው ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ ኪያንቲ ወደሚባለው የወይን አገር ነው። ከተማውን ከራቀ በኋላ አስፋልቱ ያልቅና የአገሩ ሰዎች ነጭ መንገድ የሚሉት ይጀምራል፤ ይኸውም በነጭ ጠጠር የተደለደለ፥ ሲደርቅ አቧራው እንደ ዱቄት የሚበንን፥ ዝናም ሲመታው የሚያዳልጥ መንገድ ነው። በግራ ወይን፥ በቀኝ ወይራ፥ በላይ የባሉጥ ደን ይታያል። ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ለጕልበት ግን ሌላ ነው። የዚያ አገር ኮረብታ እንደ ተራራ አንድ ጊዜ ወጥተውት የሚገላገሉት አይደለምና፤ ገና ትንፋሽ ሳይመለስ ቁልቁል ይጥላል፥ በስንት መከራ የተገኘውን ከፍታ ሁሉ መልሶ ይወስዳል፥ ሌላውም ዳገት ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል።

ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚያወጣው ነጭ መንገድ ግራና ቀኙ የፈረንጅ ጽድ የተተከለበት ነው። መንገደኛው እዚያ ሲደርስ ማርሹን ወደ ቀላሉ ይለውጣል፤ ማርሹ ሲያልቅበት ከመቀመጫው ይነሣል፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ወርዶ ይገፋል። በወይኑ መካከል የሚለቅሙት ሠራተኞች፥ ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ ከሌላ አገር የመጡ፥ ወገባቸውን አቅንተው ጥቂት ያዩትና እንደ ገና ያጐነብሳሉ። የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው፤ እርሱ ሊወርድ ይችላል። ቢወርድ ማንም አይቈጣውም፥ ከደመወዙም የሚጐድል የለም።

ግንቡ የሪካሶሊ ወገን ነው። ከዚህ ወገን የተወለደው ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. ካቩር በሞተ ጊዜ የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ዛሬ በዚያ አገር ስሙን የሚያስጠራው ግን ከሹመቱ ይልቅ በ1872 ስለ ኪያንቲ የወይን ጠጅ አጠማመቅ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ዳሩ ግን ወይኑን የኰተኰተው እጅ የባሮኑ አልነበረም። ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ሥርዓት ሜዛድሪያ ይባል ነበር፤ ጌታው መሬቱንና ቤቱን፥ ጢሰኛው ከነቤተ ሰቡ ጕልበቱን ይሰጣል፥ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። የጢሰኛው ዕዳ በደብተር ይጻፍ ነበርና ዓመቱ ሲከፋ ደብተሩ ይረዝማል። እንዲህ ያለ አዲስ ውል እንዳይደረግ ሕግ የከለከለው በ1964 ነው። ከዚያም አስቀድሞ ብዙዎቹ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ሄደው ነበር።

መንገደኛው የሚወጣው ዳገት እንግዲህ ጢሰኛው ማጭዱን ይዞ የወጣው ዳገት ነው። የሁለቱም ላብ ዓይን ውስጥ ይገባል፥ የሁለቱም ጕልበት ይንቀጠቀጣል። በቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙ አንድ ሲሆን ወርቁ ሁለት ነው። የጾመ ሰውና የተራበ ሰው ሆዳቸው እኩል ባዶ ነው፤ ሆኖም አስተዋይ ሰው አንዱን በሌላው ስም አይጠራም።

በ1997 እነዚህ ነጭ መንገዶች በአስፋልት ተሸፍነው እንዳይጠፉ ያሰቡ ሰዎች በጋዮሌ ከተማ የቢስክሌት ጉዞ አቋቋሙ። በመጀመሪያው ዓመት የተጓዙት 92 ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን ከብዙ አገር ሺሆች የሚመጡበት ሆነ፤ ቢስክሌቱም ከ1987 በፊት የተሠራ፥ ማርሹ ከባድ የሆነ አሮጌ መሆን አለበት። ቀላሉ ሳለ ከባዱን ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ማለት ነው። ስሙንም ሌሮይካ አሉት፤ ጀግናዊት ማለት ነው። መንገዱን ማዳናቸው የሚመሰገን ነው፤ ስሙ ግን ጥቂት ፈገግ ያሰኛል። በዚያው አቧራ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰውን ጢሰኛ ጀግና ብሎ የጠራው ማን ነበር?

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ፥ የመንገደኛው ድካም በድኻ ላይ ማፌዝ ነው የሚል ቢኖር ፍርዱ የቸኰለ ነው። በመኪና ያለፈ ሰው ኮረብታውን አላወቀውም፤ ሥዕል አይቶ ሄደ። በቢስክሌት የወጣው ግን የሌላውን ድካም የሚገምትበት ሚዛን በደረቱ ውስጥ አግኝቷል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ጌቶች ይህን ሳያገኙ ሞተዋል። ነገር ግን ሚዛኑ ጐደሎ ነው፤ የዳገቱን ክብደት ይለካል፥ የዕዳውን ክብደት አይለካም። ስሕተቱ የሚጀምረው ሰውየው ማታ በገበታ ላይ ተቀምጦ «የእነዚያን ሰዎች ኑሮ እኔም ቀምሼዋለሁ» ያለ ጊዜ ነው።

ከጋዮሌ ወደ ራዳ የሚያወጣው ዳገት የዕለቱ መጨረሻ ነው፤ ራዳ ከባሕር ወለል 530 ሜትር ያህል ከፍ ያለች መንደር ናት። መንገደኛው የሚያድርበት የእንግዳ ማረፊያ ቀድሞ የጢሰኛ ቤት ነበረ። እንደነዚህ ያሉ ቤቶች ከታች የበሬ ጋጥ፥ ከላይ የሰው መኖሪያ ሆነው የተሠሩ ነበሩ፤ ለርሱም የደረሰው የታችኛው ክፍል ነው። ግድግዳው በኖራ ነጥቷል፥ አልጋውም ንጹሕ ነው፤ በሬው ይታሰርበት የነበረው የብረት ቀለበት ግን ከድንጋዩ አልተነቀለም። መንገደኛው እርጥብ ሸሚዙን ይዞ በቀለበቱ ፊት ጥቂት ይቆማል። ከዚያም፥ በክፍሉ ውስጥ ሌላ መስቀያ ስለሌለ፥ እዚያው ላይ ያሰጣዋል።