መጠኑን ማወቅና መጠኑን መጠበቅ

የሚበላውን ነገር መጠን ያወቀ ሰው፣ ስላወቀ ብቻ በመጠን ይበላልን? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለሐኪም እንጂ ለመንፈሳዊ መምህር የሚቀርብ አይመስልም። ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን በዕውቀትና በፈቃድ፣ በሕግና በኅሊና መካከል ስላለው ልዩነት የሚጠይቅ ሆኖ እናገኘዋለን። ጥያቄውን እንድናነሣ ያደረገን በባሕር ማዶ የወጣ፣ ዛሬም በዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ከቤታቸው ወጥተው ሲመገቡ የሚያዩት አንድ ሥርዓት ነው።

በአሜሪካ የኒው ዮርክ ከተማ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም.፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች በምግብ ዝርዝራቸው ላይ ከዋጋው ጋራ የእያንዳንዱን ምግብ የካሎሪ መጠን እንዲጽፉ አስገደደች። በዚያው አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የጤና ሕግ ይህንኑ ለመላው አሜሪካ ደነገገ፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን ከብዙ መዘግየት በኋላ በ2018 ዓ.ም. ነው። ግዴታውም በአንድ ስም የሚሠሩ 20 ወይም ከዚያ የበዙ ቅርንጫፎች ባሏቸው ምግብ ቤቶች ላይ ነው። እንግሊዝም በ2022 ዓ.ም. 250 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች ላይ ተመሳሳይ ግዴታ ጣለች።

በዚህ አነጋገር ካሎሪ የሚባለው፣ የአንድ ኪሎ ግራም ውሃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ የሚያደርግ የኃይል መጠን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሰዎችን በተዘጋ ክፍል እያስቀመጠ፣ የሚበሉትን ምግብና ከሰውነታቸው የሚወጣውን ሙቀት ይለካ ነበር። ከእርሱና ከባልደረቦቹ ምርምር የተገኘው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ይኸውም አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ያህል ይሰጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ሕጉን አስቀድመን ልናመሰግነው ይገባናል። በገበያ ላይ ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ ከልጅነታችን ተምረናል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ የሚፈጸም ግብይት ደግሞ፣ ሚዛኑ ባይጭበረበር እንኳ ፍጹም ቅን ነው ለማለት ያስቸግራል። በእንግዳ ወጥ ቤት ውስጥ በድስቱ ምን ያህል ዘይት እንደ ፈሰሰ፣ በመጠጡም ምን ያህል ስኳር እንደ ተጨመረ ዓይን አያይም፤ ምላስም አጣርቶ አይናገርም። ስለዚህ ለሚበላው ሰው እውነቱን መንገር ውለታ ሳይሆን ተገቢ ዕዳን መክፈል ነው።

ነገር ግን ቊጥሩ የሚናገረው ነገር እንዳለ ሁሉ የማይናገረውም አለ። የአሜሪካው ሕግ ራሱ፣ በቀን 2,000 ካሎሪ ለጠቅላላ ምክር የተወሰደ መጠን እንደ ሆነና የእያንዳንዱ ሰው ፍላጎት ግን እንደሚለያይ በዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲያነሣ የዋለውና በወንበር ላይ ሲጽፍ የዋለው፣ የሚያጠባው እናትና ያረጁት አባት አንድ ሚዛን የላቸውም። ጨው ደግሞ ካሎሪ የለውም፤ ስለዚህ በካሎሪው አነስተኛ የሆነ ሾርባ የደም ግፊት ላለበት ሰው ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ቊጥር ግን ይህን አያስጠነቅቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ቊጥሩ «ይህን ያህል ነው» ይላል እንጂ «ይበቃሃል» አይልም። የዚህን ሥርዓት ውጤት የመረመሩ ሰዎች፣ ቊጥሩን ያዩ ተመጋቢዎች በአማካይ የሚቀንሱት መጠን ትንሽ እንደ ሆነ አግኝተዋል። ይህም ሊያስደንቀን አይገባም። ከሥራ ደክሞና ተርቦ የወጣ አባወራ ቊጥሩን ያነባል፤ ያነበበውንም ያምናል፤ ያመነውንም ትቶ የለመደውን ያዛል። ዕውቀት ወደ አእምሮው ገብቷል፤ ፈቃዱ ግን ከልማዱ ጋራ ቀርቷል። እኛስ ብንሆን ጉዳቱን ሳናውቅ የሠራነው ጥፋት ይበዛልን፣ ወይስ እያወቅን የሠራነው?

እስራኤል በምድረ በዳ መናን ሲለቅሙ መስፈሪያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጎሞር። በተሰፈረም ጊዜ ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፤ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም። ያ መስፈሪያ ብዛትን ብቻ የሚለካ አልነበረም፤ የዕለቱን «በቃኝ» እና የባልንጀራን ድርሻ ጭምር ያስተምር ነበር። ለነገ ብለው ያሳደሩትም ተበላሸባቸው፤ መጠኑን ሳያውቁ ቀርተው ሳይሆን፣ ያወቁትን መጠን ልባቸው ሳይቀበለው በመቅረቱ ነው። የዛሬው ቊጥር መስፈሪያ ሆኖ ተሰጥቶናል፤ «በቃኝ» የሚለውን ቃል ግን ሌላ ሰው ሊጽፍልን አይችልም።

በዚህ ነገር ከሁለት ስሕተት እንጠንቀቅ። አንደኛው ቊጥሩን ንቆ ሆድን መከተል ነው። ሁለተኛው የቊጥሩ ባሪያ መሆን ነው። እያንዳንዱን ጉርሻ እየቈጠሩ በፍርሃት የሚበሉ፣ ወይም ፈጽሞ መብላትን የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ በተለይም ከወጣቶች መካከል። የእንግሊዝ ሕግ ተመጋቢው ከጠየቀ ቊጥር የሌለበት ዝርዝር እንዲሰጠው መፍቀዱ መልካም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያገኙ የንስሐ አባቶችም በሕመም የሚራበውን በመንፈስ እንደሚጾም ቈጥረው እንዳያመሰግኑት፣ ይልቁንም በርኅራኄ ይዘው ወደ ሐኪም እንዲመሩት እንለምናለን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ምግብ ቤት ነው፤ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በባሕር ማዶ ያሉት የወገኖቻችን ምግብ ቤቶች እንኳ አብዛኞቹ 20 ቅርንጫፍ ስለሌላቸው ያ ሕግ አይነካቸውም፤ የቤታችንን ድስት ደግሞ የሚነካው ሕግ ከቶ የለም። እዚህ ላይ ሻጩም ገዢውም፣ ዐዋቂውም ተመጋቢውም እኛው ነን። «አላወቅንም» የምንልበት ምክንያት የለንም፤ ዘይቱን ያፈሰሰችው የራሳችን እጅ ናትና።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከዘይት ጠርሙስ በዓይን ግምት ሲፈስ ግን አምስትና ስድስት ማንኪያ መሆኑ አይታወቅም። የጾም ወጥ ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ቀላል ነው ብለን እንናገራለን፤ በካሎሪ ረገድ ግን ዘይት ከቅቤ አያንስም። ለልብ ጤና ብዙ ሐኪሞች ፈሳሽ የአትክልት ዘይትን ከቅቤ ይመርጣሉ፤ ብልጫው ግን በዓይነቱ ነው እንጂ በብዛቱ አይደለም። ምስሩ በዘይት ተንሳፍፎ፣ ሆዳችንም ከፍስክ ቀን ይልቅ ከብዶ ከማዕድ ከተነሣን፣ የምግቡን ስም ለወጥን እንጂ ሥጋችንን አልገታንም።

መድኃኒቱም ከእናቶቻችን ሙያ የራቀ አይደለም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ እያማሰሉ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ማቁላላትን እነርሱ ያውቁበታል። ዘይቱን በማንኪያ ሰፍሮ መጨመር፣ ጨውን ቀምሶ መጨመር፣ ጎመኑንና ጥቅል ጎመኑን ከወጡ ጎን ማብዛት፣ ለልጆች በጣፋጭ መጠጥ ፈንታ ውሃ ማቅረብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሆኖም ይህ ሸክም በእናት ትከሻ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አንፈቅድም። በቤቱ የሚበላ ሁሉ፣ ባልም ልጅም፣ ሽንኩርት መላጥና ድስት ማጠብ ይገባዋል። ቀንና ሌሊት ሠርቶ ማብሰያ ጊዜ አጥቶ ከውጭ የሚገዛውንም ድካሙን ሳናይ አንፍረድበት።

እንግዳ መቀበላችንም መጠን ይኑረው። «በሞቴ» እያልን ስናጎርስ ፍቅራችንን መግለጣችን ነው፤ ነገር ግን እንግዳችን የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ቢሆን፣ በቃኝ ሲል ቃሉን ማክበር ከጉርሻው የሚበልጥ ፍቅር ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መጠኑን ማወቅ መልካም ነው፤ እውነቱን የሚያሳውቅም ሕግ የተመሰገነ ነው። መጠኑን መጠበቅ ግን የልብ ሥራ ነው፤ እርሱም በአንድ ቀን አይገኝም፤ በየማዕዱ በትንሽ በትንሹ ይለመዳል እንጂ። ማዕዱን ባርከን ስንቀመጥ «ምን ያህል ነው?» ብለን መጠየቅ ብቻ አይበቃንም፤ «ለእኔ የሚበቃኝ የቱ ነው? ከእኔስ ተርፎ ለማን ይድረስ?» ብለን እንጠይቅ። አባቶቻችን ጾምን ከምጽዋት ጋራ ያስተሳሰሩት፣ ከራሳችን ማዕድ የቀነስነው በሌላው ማዕድ ላይ እንዲገኝ ነው። ለእስራኤል የዕለት መናን በመስፈሪያ የሰጠ አምላክ፣ ለእኛም በቃኝ የሚል ልብ ይስጠን።