ስለ መልክና ስለ ፍርድ

የሰው ፍርድ ከዓይን ይጀምራል። ዓይን ያየውን ልብ ይሰይመዋል፤ ልብ የሰየመውን አንደበት ያወራዋል፤ አንደበት ያወራውንም አገር ይዞት ይኖራል። ስም በሰው ላይ የሚወጣው በአንድ ቀን ነው፤ የተሳሳተው ስም እስኪወርድ ግን ብዙ ዘመን ያልፋል። እንግዲህ ክፉ ነገርን የሚመስል፥ ነገር ግን ክፉ ያልሆነ ነገር በቀረበለት ጊዜ ፈራጅ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ቢቸኩል ንጹሑን ይጎዳል፤ ቢዘገይ ክፉው ሥር ይሰድዳል። ይህ ጥያቄ የዳኛ ብቻ አይደለም። ከቆዳ ላይ ቁራሽ ወስደው፥ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር የሚመረምሩ ሐኪሞች ዕለት ዕለት የሚገናኙት ጥያቄ ነው።

በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በባሕር ዳር ፔዳ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ከተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ፥ ከፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ይህም ተቋም በ2000 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከላይ ጋይንት ደጋ ወርዶ በዚያ የሚማር ልጁን ሊጠይቅ የመጣ አንድ አባት ይታሰብ። በአፍንጫው ላይ ወራት ያስቈጠረ፥ ዙሪያው ያበጠ፥ መካከሉ ቈስሎ ቅርፊት የያዘ እብጠት አለበት። አብረውት በአንድ አግዳሚ የተቀመጡት ሰዎች ቀስ በቀስ ፈቀቅ ይላሉ። አንዱ በልቡ ነቀርሳ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሥጋ ደዌ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው የዘር ርግማን ነው ብሎ ይደመድማል። የሦስቱም ዓይን ቍስሉን በማየቱ አልዋሸም፤ ስሕተቱ ዓይን ካየው ላይ ልብ በጨመረው ላይ ነው።

በደጋው አገር ቍንጭር የሚባል ደዌ አለ። መነሻው ሊሽማኒያ የተባለ ከዓይን የተሰወረ ረቂቅ ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ ሽኮኮ በሚውልባቸው ገደሎችና ዋሻዎች ይቈያል፤ የአሸዋ ዝንብ የሚሏት፥ ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ሽኮኮውን ነክሳ በኋላ ሰውን ስትነክስ ደዌው ይተላለፋል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 የሚደርስ ሰው እንደሚያዝ ይገመታል። ቍስሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በፊት ላይ ነውና በሽተኛው ሊሸሽገው አይችልም።

የነገሩ ጥልቀት ግን ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤያት፥ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ ተማሪ ሰሙን ገልጦ ወርቁን እንዲያወጣ ይማራል። ሐኪሙም የቆዳውን መልክ እንደ ሰም ቈጥሮ፥ ከቍስሉ ቁራሽ ወስዶ፥ ወርቁን በመነጽር ይፈልጋል። ነገር ግን ቍንጭር ሲቈይ አንዳንድ ጊዜ የላይኛው ቆዳ ከልክ በላይ ይበዛና ሥር የሚመስሉ ጣቶችን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ ይህም በመነጽር ሲታይ የቆዳ ነቀርሳን ይመስላል። እውነተኛው ምስክር፥ ማለት በሕዋሳት ውስጥ የተሸሸገው ሊሽማኒያ፥ ቍስሉ በቈየ መጠን እያነሰ ስለሚሄድ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ሰሙን ገልጬ ወርቅ አገኘሁ ያለ ሰው፥ ያገኘው ሁለተኛ ሰም ሊሆን ይችላል። ቍንጭሩ ነቀርሳ ቢባል፥ በመድኃኒት ሊድን የሚችል አፍንጫ በከንቱ ይቈረጣል። ነቀርሳው ቍንጭር ቢባል ደግሞ፥ በሽተኛው የማይጠቅመውን መርፌ እየተወጋ ዕድሜው ያልቃል።

በዚህ ጠባብ መንገድ ከሄዱት መካከል ሶፊ ስፒትስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ትገኛለች። በ1910 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተወልዳ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር የደዌ ምርመራ ተቋም ሠራች፤ ስለ ሞቃት አገሮች ደዌም በ1945 ዓ.ም. ከአሽ ጋር ሥዕላዊ መጽሐፍ አሳተመች። በኒውዮርክ በሜሞሪያል ሆስፒታል ሳለች የሕፃናትን የቆዳ እብጠት መረመረች። እብጠቱ በመነጽር ሲታይ ሜላኖማ የተባለውን፥ ከቆዳ ነቀርሳዎች ሁሉ እጅግ የሚያስፈራውን ይመስላል። በሜላኖማ የተያዙ አዋቂዎች ብዙዎቹ ሲሞቱ፥ እነዚህ ሕፃናት ግን አድገው ይጫወቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የ13 ሕፃናትን ነገር ጽፋ አወጣች፤ ከ13ቱም ደዌው ተሰራጭቶ የሞተው አንድ ብቻ ነበረ።

ከዚህ ላይ የሴትዮዋን ሥራ በሚዛን ማየት ይገባል። መነጽሩ ነቀርሳ ነው ሲላት አልካደችውም፤ የሕፃናቱ ሕይወት አይደለም ሲላትም አልካደችውም። ሁለት ምስክሮች ሲጣሉ አንዱን አባርራ ሌላውን አላነገሠችም፤ የሁለቱንም ቃል ጽፋ ለሚመጣው ትውልድ አስረከበች። የሰጠችው ስም ግን የሕፃናት ሜላኖማ የሚል ነበረ። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት መርምረው፥ ይህ ዐይነቱ እብጠት በአዋቂም ላይ እንደሚገኝ፥ ነቀርሳም ሳይሆን ነቀርሳን የሚመስል፥ ሕዝባችን ማርያም የሳመችው ከሚለው ምልክት ወገን እንደሆነ አስረዱ፤ በስሟም ጠሩት። እርሷ በ1956 ዓ.ም. በ46 ዓመቷ ዐርፋለች። ሥራዋ ስሟን ያስጠራው ፍርዷ ሁሉ ትክክል ስለነበረ አይደለም፤ ከፍርዷ ጋር የማይስማማውን ማስረጃ ሳትሸሽግ ስለጻፈች ነው።

ይህ ጥበብ ለጥንቱም ሰው እንግዳ አልነበረም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ ካህኑ የቆዳን ምልክት እንዲመረምር ታዟል። ደዌው ከቆዳው የጠለቀ መሆኑን ያያል፤ ነገሩ ካልተገለጠለት ሰውየውን 7 ቀን ለይቶ ያቈየዋል፤ በ7ኛው ቀን ተመልሶ ያያል፤ አሁንም ቢጠራጠር ሌላ 7 ቀን ይጨምራል። የቃጠሎ ጠባሳ፥ የእባጭ ምልክት፥ ራሰ በራነት ሁሉ በየተራ ተነሥተው ከለምጽ ይለያሉ። ምዕራፉ ክፉውን የሚያሳየውን ያህል፥ ክፉ የሚመስለውንም ንጹሕ ከስም ያድናል። ይህን ረስቶ የሰው ልማድ ግን ስሞቹን አደባልቋቸዋል። ዛሬ ለምጽ የሚባለው ቀለሙ የነጣ ቆዳ፥ የማይጋባና የማይገድል ሲሆን፥ ስሙን ከጥንቱ ፍርሃት ጋር ወርሶ ብዙዎችን አሳፍሯል። ነቀርሳ የሚለውም ቃል የሳንባውን ተላላፊ ደዌና ካንሰርን፥ ሁለት የማይዛመዱ ነገሮችን፥ በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቧል።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፥ እንግዲያውስ ከመፍረድ መቈየት ይሻላል ይል ይሆናል። ይህ ግን ሌላ ስሕተት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ማርዦለን በ1828 ዓ.ም. በጠባሳ ላይ ስለሚወጣ ቍስል ጻፈ፤ እንዲህ ያለው ቍስል ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ እንደሚችልም ከዚያ በኋላ ታውቋል። በልጅነቱ በእሳት የተቃጠለ ሰው፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ጠባሳው ቢቈስልና እንቢ ብሎ ባይድን፥ የድሮ ጠባሳ ነው ብሎ መተው ሞትን መጋበዝ ነው። ክፉው የንጹሑን መልክ ለብሶም ይመጣልና።

ስለዚህ ትዕግሥትና ስንፍና መለየት አለባቸው። የኦሪቱ ካህን ሲቈይ በቀን ተወስኖ ነበር፤ በ7ኛው ቀን ተመልሶ የማየት ግዴታ ነበረበት። ስንፍና ግን ቀን የለውም፤ ነገ ይታያል እያለ በሽተኛውን ለደዌው ይተዋል። ታጋሽ ፈራጅ አላወቅሁም ብሎ ይናገራል፤ የሚያውቀውንም ይጠይቃል፤ ዳግመኛ የሚያይበትን ቀን ይቈርጣል፤ ስሕተቱ ሲገለጥ ስሙን ለመለወጥ አያፍርም። ሞት በደጅ የቆመ እንደሆነ ግን ጥርጣሬውን ይዞም ቢሆን ይፈርዳል፤ የሁሉን ነገር ፍጹም እውቀት እስኪያገኝ ቢጠብቅ የሚፈረድለት ሰው አይተርፍምና።

ከላይ ጋይንት የመጣው አባት አሁንም በአግዳሚው ላይ ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰው የደዌውን ስም ሊሰጠው አይችልም፤ ይህም አይጠበቅበትም። ሁለት ነገር ግን ከማንም ሰው ይጠበቃል፤ የመጀመሪያው ስም ሳይወጣለት ወደ ምርመራ እንዲሄድ መንገድ ማሳየት፥ ሁለተኛውም መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከአጠገቡ ፈቀቅ አለማለት ነው።