የስብሰባ ድካምና የአማና ጥያቄ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው እንፍራንዝ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳገለግል የገጠመኝ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ስብሰባ ላይ ነበርን። አጀንዳው ባለጉዳይን ሳያመላልሱ ስለማስተናገድ ነው። ማምሻውን ስንወጣ አንድ ሽማግሌ የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከበሩ ሥር ተቀምጠዋል። ከማለዳ ጀምሮ እንደጠበቁ ዘበኛው ነገረኝ። እኔ ግን ራሴን ያመኝ ነበርና «አባቴ፣ ዛሬ ደክሞናል፤ ሰኞ ይመለሱ» አልኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔም እኮ ተቀምጬ ነው የዋልኩት» ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ድካሜ ውሸት አልነበረም። በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በ14 ሰዎች ላይ ባደረገው የአንጎል ሞገድ ምርመራ፣ ያለ ዕረፍት በተከታታይ በቪዲዮ የተሰበሰቡ ሰዎች ውጥረታቸው እየጨመረ ሲሄድ፣ በየመሃሉ አጭር ዕረፍት ያገኙት ግን ተረጋግተው ታይተዋል። እኛ ደግሞ ስብሰባን በሚገባ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ ነበር። ከ1983 በኋላ ግምገማ መጣ። ቀጥሎ «አንድ ለአምስት»፣ በ2009 ደግሞ «ጥልቅ ተሐድሶ» ተባለ። ስሙ ይለዋወጣል፤ የሠራተኛው ማዛጋት ግን ያው ነው።

ታዲያ ድካሜ ከተጠያቂነት ያድነኛልን?

ሰብሳቢው «ተጨማሪ ሐሳብ ያለው?» ሲሉ አቀርቅሬ ነበር። ባለጉዳይ ውጭ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። «ከመካከላችን ሁለት ሰው መስኮቱ ላይ ይቀመጥ» ብል ማንም ባልተቆጣኝ። ዝም ያልኩት በፍርሃት ነው እንዳልል፣ እውነቱን ለመናገር ስብሰባው ይመቸኝ ነበር። አዳራሽ ውስጥ እስካለሁ ድረስ ፊርማ የሚጠይቀኝ፣ ውሳኔ የሚጠብቅብኝ የለም። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ቃል አለቃውን ብቻ ሳይሆን እኔንም ይጋርደኝ ነበር።

መመካከር በኢስላም የታዘዘ መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኡሑድ ዘመቻ በፊት እንዴት እንደተማከሩ እናስታውስ። ከመዲና ወጥቶ መግጠም ይሻላል የሚለው ሐሳብ አመዘነ። የጦር ልብሳቸውን ለብሰው ብቅ ሲሉ፣ ሐሳቡን ያቀረቡት ተጸጽተው ምርጫውን ለእሳቸው ቢተዉም፣ ያለቀውን ጉዳይ እንደገና አልከፈቱትም። ሹራ ለውሳኔ ነው፤ ውሳኔም ለሥራ ነው። ሦስት ቀን ተመክሮበት በአራተኛው ቀን አንድ ባለጉዳይ ካላስተናገደ፣ ያ ምክክር ምን ፈየደ?

ደመወዝ የምንቀበልበት ሰዓት አማና ነው። በዚያን ዕለት ግን ያባከንነው የራሳችንን ሰዓት ብቻ አልነበረም። የሽማግሌውን ቀን ማንም ሳያስፈቅዳቸው ወስደንባቸዋል። የደከመ ሰው ማረፍ ይገባዋል፤ የሌላውን ቀን መውሰድ ግን አይፈቀድለትም። ስብሰባ የጠራውም፣ ተጠርቶ ዝም ያለውም በዚህ ዕዳ እኩል ባይሆኑም ሁለቱም ተካፋዮች ናቸው።

ሰኞ በማለዳ መስኮቱን ከፍቼ ጠበቅኋቸው። አልመጡም። ውድ አንባቢ ሆይ! ነገ አዳራሽ ከመግባትህ በፊት እስኪ ዘወር ብለህ ተመልከት፤ ከበሩ ሥር የተቀመጠው ማን ነው?